ልቤን ስትለኝ ሆዷን መሰለኝ

እናቴ ታማ አታውቅም ቢባል ውሸት ነው። ታማ የማትናገር ሰው ነበረች። ወባ ይዟት እየተንቀጠቀጠች በርበሬ ስትሰፍር አይቻታለሁ። ጠዋት ጥርሷን አስነቅላ ከሰዓት ገበያ ስትወጣ አይቻታለሁ። ስለዚህ በዚያ የነሐሴ ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ዛሬስ አልወጣም» ስትለኝ፣ ነገሩ ከባድ መሆኑ ወዲያው ሊገባኝ ይገባ ነበር። አልገባኝም።

የምንኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ ሃያብለ ሰፈር ነው። ቤቱን በጣውላና በቆርቆሮ የሠራው አባቴ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ በባቡሩ ጋራዥ ሠርቶ፣ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሞተ። እናቴ ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ የምትሸጥበት መደብ ነበራት። ደንበኞቿ ከአዲስ አበባ ጭነት ይዘው የሚወርዱ ሾፌሮችና እንደኛ እዚህ የከረሙ ሐበሾች ነበሩ። እኔ ወደብ አጠገብ ካለ የትራንዚት ቢሮ ተቀጥሬ የጭነት ወረቀት እሠራ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። አሮጌው ባቡር ቆሞ፣ አዲሱ ገና ወሬ ብቻ የነበረበት ጊዜ ነው።

«ምንሽን ነው?» አልኳት።

«ልቤን ነው» አለች፣ መዳፏን ከደረቷ አጥንት ሥር ጫን አድርጋ። «እዚህ ጋ። እንደ ድንጋይ ቁጭ ብሎብኝ አደረ። ሁለቴም አስመለሰኝ።»

እናቴ ሲያቃጥላት ልቤን ትላለች። ሲያቅለሸልሻት ልቤን ትላለች። ቅባት ሲበዛባት፣ በባዶ ሆዷ ሻይ ስትጠጣ፣ ሁሉም ልቤን ነው። ደግሞ ፍልሰታ ነበር። እስከ ከሰዓት እህል አትቀምስም፤ ውሃም ቢሆን በዚያ ሙቀት አፏን ለማርጠብ ያህል ነው የምትጎነጨው። በነሐሴ ጅቡቲ ውስጥ ያልደከመው ሰው የለም። ጾሙ አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ ጨጓራዋ አለ፤ ሦስት ምክንያት ስለነበረኝ አራተኛ አልፈለግሁም።

ሰፈራችን ወዳለች ትንሽ ክሊኒክ ወሰድኳት። የሚያክመው ሰውዬ ፈረንሳይኛም ሶማልኛም ይችላል። እናቴ የገበያ ሶማልኛ ነበራት፤ ራሷ ልትነግረው ትችል ነበር። እኔ ቀደምኩ። የተማርኩት እኔ ነኝ አይደል? ገና አፏን ሳትከፍት በፈረንሳይኛ «ሆዷን ያማታል» አልኩት።

«አስመልሷታል?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ትጾማለች?»

«አዎ።»

ቀና ብሎ አያት። ላቧ በነጠላዋ ላይ ወርዷል፤ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ላብ በላብ ነበርን። «ጨጓራ ነው» ብሎ ኪኒን ጻፈልን። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ውጪ ነበርን። እናቴ ተደሰተች። «አላልኩሽም? ለዚህ ብለሽ ከሥራ ቀረሽ» አለችኝ።

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ቤት ነበርኩ። ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ጓሮ ሆና ዕቃ ታጥባለች፤ የሣህን ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፁ ቆመና አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ስወጣ በጎኗ ተጋድማለች፣ ዓይኗ ተገልብጧል፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ስሟን ጠራሁ፣ ጉንጯን መታሁ። የእጇን ደም ሥር ስፈልግ ጠፋብኝ። ከዚያ አንድ ምት ተሰማኝ። ሌላው እስኪመጣ የጠበቅሁትን ያህል በሕይወቴ ምንም ጠብቄ አላውቅም።

ነቃች። «ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» አለችኝ።

ታክሲ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። በዚህ ከተማ የኖረ ሰው ያ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ጫት የሚደርስበት ሰዓት ነው። ሁለት ታክሲዎች ጥግ ይዘው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ የጫቱን መኪና ይጠብቃሉ። «እናቴ እየሞተች ነው» አልኩት አንዱን። «እሺ፣ ይድረስና እንሄዳለን» አለኝ፤ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። በመጨረሻ ያነሳን ወደ መሃል ከተማ የሚወርድ ሚኒባስ ነው። ሾፌሩ ከኋላ የነበሩትን ተሳፋሪዎች በሙሉ አስወርዶ እናቴን ወንበሩ ላይ አጋደማት፤ ከወረዱት አንዲት ሴትዮ የውሃ ጠርሙሷን በመስኮት አቀበለችኝ።

ሆስፒታል እንደደረስን ደረቷ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው የልቧን ምት በወረቀት አነሱ። ዶክተሩ ወረቀቱን ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ደግሞ አነበበው። ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ፀጉሩ መሸበት የጀመረ የአገሩ ሰው ነው። «ሕመሙ መቼ ጀመራት?» አለኝ።

«ረቡዕ ሌሊት።»

«የት ጋ ነበር የሚያማት?»

ሆዷን ልለው ነበር። «ልቤን ነበር ያለችው» አልኩ። በፈረንሳይኛ ሳወጣው ቃሉ ሌላ ነገር ሆነ። ጆሮዬ ገና ያን ጊዜ ሰማው።

የነገረኝን ዛሬም በቅደም ተከተል አስታውሰዋለሁ። የልቧን የታችኛውን ግድግዳ ደም የሚያጠጣው ቧንቧ ተዘግቶ ነበር። የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ የሚሰጠው ግን ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ አሁን አልፏል። ከዚህ የተነሳ ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። በወረቀቱ ጀርባ ልብ ሣለልኝ፤ ላይኛውን ክፍልና ታችኛውን ክፍል፣ በመሃል ነጥብ። «ምቱን የሚያዝዘው ላይኛው ነው» አለኝ። «ትእዛዙ በዚህች ነጥብ በኩል ነው ወደ ታች የሚያልፈው። አሁን እዚህ ጋ ተዘግቷል። ምንም አያልፍም። ታችኛው ክፍል ትእዛዝ ሲያጣ በራሱ ይመታል፤ በዝግታ። በደቂቃ ሠላሳ ሁለት።»

«እና ሁለት ቦታ ነው የተዘጋው?»

«ሁለት የተለያየ መዘጋት ነው። አንዱ የደም ነው፣ ሌላው የኤሌክትሪክ።»

በክንዷ መድኃኒት ሰጧት። ምቱ አርባ ስድስት ደረሰና ደስ ሲለኝ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ ወረደ። ከዚያ እኔን አስወጥተው በአንገቷ ደም ሥር በኩል ምቱን ከውጭ የሚያዝዝ ቀጭን ሽቦ እስከ ልቧ አስገቡላት። ስመለስ የሽቦው ሌላኛው ጫፍ የኪስ ራዲዮ ከምታህል ሣጥን ጋር ተያይዞ አልጋው ራስጌ ተንጠልጥሏል። ሣጥኗ በየምቱ ብልጭ ትላለች። የእናቴ ፊት ግን ቀልቶ፣ ወደ ራሷ ተመልሳ ነበር። ያን ለማየት ሣጥኗንም ሽቦውንም ይቅር አልኳቸው።

«ስንት ቀን ነው እንዲህ የምትቆየው?» አልኩት ዶክተሩን።

«እንጠብቃለን» አለኝ።

ይህችን ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እግዜር ይቁጠራት።

በየጠዋቱ መጥቶ የሣጥኗን ቁልፍ ቀስ እያለ ወደ ታች ያዞራል። የእናቴ ልብ በራሱ ይረከብ እንደሆነ ለማየት ነው። እኔ የልቧን ምት የሚያሳየውን ስክሪን አያለሁ፣ ነርሷ እናቴን ታያለች። ሰባ፣ ስልሳ፣ ሃምሳ፣ አርባ። እናቴ ከንፈሯ ይገረጣና «ጠፋሁ» ትላለች። ወዲያው ቁልፉ ወደ ላይ ይመለሳል። «ገና ነው» ይላል ዶክተሩ፤ ይጽፋል፤ ይሄዳል። በማግስቱም እንደዚሁ። እኔ ቀኑን ሙሉ ያችን ሁለት ደቂቃ ስጠብቅ እውላለሁ፤ ከመጣች በኋላ ደግሞ ባልመጣች እላለሁ።

እናቴ በጀርባዋ ተጋድማ፣ አንገቷን እንዳታዞር ተከልክላ፣ ጥያቄዋ አላቆመም።

«ምን አለ?»

«ልብሽ ደክሟል፣ ትንሽ እንርዳው አለ።»

«ያን ሁሉ ቆሞ ሲያወራ ይህን ብቻ ነው ያለው?»

«ይህን ነው፣ እማዬ።»

ሆስፒታል በገባን በሦስተኛው ቀን ከቡና ቤት ሳንድዊች ገዝቼ ስመለስ፣ ጠና ያለችው ሶማሌ ነርስ አልጋው ላይ ተደግፋ ሁለቱ በሶማልኛ ሲያወሩ ደረስኩ። ነርሷ ስትወጣ እናቴ ወደ ጣሪያው እያየች እንዲህ አለችኝ፤ «ልቤ ላይ መንገድ ተዘግቷል። ካልተከፈተ ከቆዳዬ ሥር ባትሪ ድንጋይ ይቀብሩብኛል። ይህን ለማወቅ የሰው አገር ሰው መለመን ነበረብኝ?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

«እኔ ራዲዮ ነኝ ባትሪ የሚገባልኝ?» አለችና ፊቷን ልታዞር ስትል አንገቷ ትዝ አላት። በዚያው ተናደደች። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም።

በስልክ በኩል ደግሞ ወንድሜ አለ። ጠዋት ይደውላል፣ ምሳ ሰዓት ይደውላል፣ ማታ ይደውላል።

«እስክትሞት ነው የሚጠብቁት? ባትሪ ካስፈለጋት ለምን ዛሬ አይገባላትም?»

«ሊመለስ ይችላል ይላል።»

«ማን ነው የሚለው? አንድ ሰው ነው የሚለው! እዚህ ጠይቄያለሁ፣ በአንድ ቀን ያስገቡላታል። አውሮፕላን ላይ አሳፍሪያት።»

«አንገቷ ላይ ሽቦ ተሰክቶ?»

«አንቺ እሺ ስለምትያቸው ነው።»

እሱ የሚለኝን ይዤ ወደ ዶክተሩ እሄዳለሁ፣ ዶክተሩ የሚለኝን ይዤ ወደ ወንድሜ እመለሳለሁ፣ ከሁለቱም ቀናንሼ ለእናቴ እናገራለሁ። ቢሮም ውስጥ እንዲህ ነው የምሠራው፤ የአንዱን ወረቀት ወደ ሌላው ቋንቋ መገልበጥ። እዚህ ግን አንዱም ደንበኛ አልረካም። ዶክተሩ አንድ ቀን በትዕግሥት አስረዳኝ፤ የልብ የፊቱ ግድግዳ ተጎድቶ እንዲህ ቢሆን ኖሮ እንደማይጠብቅ፣ የታችኛው ሲሆን ግን ያቺ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ሞታ ሳይሆን ቆስላ እንደሆነ፣ በቀናት ውስጥ እንደምታገግም። «ቋሚውን ባትሪ ካስገባን ዕድሜ ልክ ከእሷ ጋር ነው። በየጊዜው ምርመራ አለው፣ ባትሪው ሲያልቅ ቅያሬ አለው። የማያስፈልጋትን ነገር ለምን አስገባለሁ?»

«ባይመለስስ?»

«ያኔ እናስገባለን።»

«እስከ መቼ?»

«እንጠብቅ።»

በአራተኛው ቀን ንዴቴን የማራግፍበት ሰው ፈልጌ ወደ ሃያብለዋ ክሊኒክ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰናዳ ነበር። ወረፋ የያዙ እናቶችን አልፌ ገባሁና በሽተኛ ፊት ቆሜ «እናቴን ልትገድላት ነበር» አልኩት።

አላወቀኝም። ቀኑን ነገርኩት። መዝገቡን ገልጦ በጣቱ ወረደና አንድ መስመር ላይ ቆመ። ወደ እኔ አዞረልኝ። የተጻፈው እኔ ያልኩት ነው፤ የሆድ ሕመም፣ ማስመለስ፣ ጾም።

«እርስዎ ሆድ አሉኝ» አለ። ድምፁ የጠብ አልነበረም።

«እሷ ግን ልቤን ነው ያለችው።»

«ለእኔ አልደረሰኝም።» መዝገቡን ዘጋ። «ደም ሥሯን ግን አልያዝኩም። መያዝ ነበረብኝ። ያን ቀን ስልሳ ሰው አይቻለሁ። የልብ ምት የሚያነሳ መሣሪያም የለኝም።»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ስወጣ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት በሶማልኛ «ወረፋዬን ወሰድሽብኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

በስድስተኛው ቀን ከቀትር በፊት ወንድሜ ደውሎ፣ ነርሷ እዚህ አትጩኺ ስላለችኝ ኮሪደር ወጥቼ እየተጨቃጨቅን ነበር። ያች ደቂቃ ለእናቴ በቃቻት። የጸሎት ሰዓቷ ነበር። ተጋድሞ መጸለይ አልሆንልሽ ብሏታል። ቀና ብላ፣ እግሯን አውርዳ፣ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ውሃው ጎንበስ ስትል ሽቦው ልቧ ውስጥ ካለበት ተንሸራተተ። እኔ የሰማሁት የማሽኑን ጩኸት ነው። ስገባ ሣጥኗ ብልጭ ብልጭ ትላለች፣ የእናቴ ልብ ግን አይሰማትም። ነርሷ ብቻዋን አልጋው ላይ አውጥታት ደረቷን እየተጫነች ነበር።

ዶክተሩ እየሮጠ መጣ። ሽቦውን እስኪያስተካክል እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ቆምኩ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ስልኬ እጄ ላይ እንደተከፈተ ነበር፤ ወንድሜ «ሄሎ፣ ሄሎ» ይላል።

ከዚያ ኮሪደር ላይ ፈነዳሁ። በፈረንሳይኛ ስድስት ቀን «እርስዎ» ያልኩትን ሰው «አንተ» አልኩት። «ጠብቂ፣ ጠብቂ! ይኸው የጠበቅኸው! ቋሚ ቢገባላት ኖሮ ይህ ይሆን ነበር?»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠኝ። ጓንቱ ላይ የእናቴ ደም ነበር። «ሽቦው እንደሚንሸራተት ነግረዋታል?» አለኝ። እሱ «እርስዎ»ን አልተወም።

«እንዳትነሺ ብያታለሁ።»

«ለምን እንደማትነሳ ነግረዋታል?»

ወንድሜ ገና «ሄሎ» የሚልበትን ስልክ ዘጋሁት።

«ከተነሳች ልትሞት እንደምትችል አላወቀችም። የማታውቀውን እንዴት ትጠንቀቅ? ይግቡና ይንገሯት። ሁሉንም።»

ገባሁ። እናቴ አገጯ ሥር ትራስ ተደርጎላት፣ ደረቷን ነርሷ የተጫነችበት ቦታ እያመማት፣ እንደ ሕፃን ትንሽ መስላ ተኝታለች። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሽቦው የት እንደገባ፣ ቢንሸራተት ምን እንደሚሆን፣ ቧንቧው መቼ እንደተዘጋ፣ መድኃኒቱ ለምን እንዳለፈን። በመጨረሻ ክሊኒኩ ውስጥ «ሆዷን» ማለቴን ነገርኳት። «ልቤን ስትዪኝ ሆድሽን መሰለኝ» አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ።

«እኔም ሆዴን መስሎኝ ነበር እኮ» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። «ታዲያ ለምን ልቤን አልሽኝ?»

«ምን ልበል ታዲያ?»

ሳቅሁም አለቀስኩም። እሷም ሳቅ ስትል ደረቷን አመማትና «አታስቂኝ» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከአልጋው አልተነሳችም። ነርሷ ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ስታብስላት እጇን ዘርግታ ዝም ብላ ትጸልያለች።

ሰባተኛው ቀን፣ ምንም። ስምንተኛው ቀን፣ ምንም። ዶክተሩ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ነገ ካልሆነ ስለ ቋሚው እንነጋገር» አለ። ለወንድሜ ስነግረው «ይኸው! እኔ ምን አልኩ?» አለ። ስምንት ቀን ሙሉ ዶክተሩን ስረግም ከርሜ፣ ያን ማታ ግን ወንድሜ ትክክል እንዲሆን አልፈለግሁም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

በዘጠነኛው ጠዋት ቁልፉ ወደ ታች ዞረ። ስልሳ። ሃምሳ። አርባ። እናቴን አየኋት፤ «ጠፋሁ» አላለችም። ስክሪኑ ላይ ሦስት ምት መጣ፣ አንዱ ዘለለ። ደግሞ ሦስት መጣ፣ አንዱ ዘለለ። ዶክተሩ ቁልፉን ወደ ላይ አልመለሰውም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«የራሷ ነው» አለ። «ትእዛዙ ማለፍ ጀምሯል። አንዳንዱ ይቀራል እንጂ ያልፋል።»

ነርሷ በሶማልኛ የሆነ ነገር አለች፤ እናቴ መለሰችላት፤ ሁለቱም ሳቁ። ያን ቀን እኔ የተረጎምኩት ነገር የለም።

በአሥራ አንደኛው ቀን የሚዘል ምት አልነበረም። ለጥንቃቄ አንድ ቀን ተጨማሪ ጠበቁና፣ ሣጥኗ ጠፍታ ስትውል ልቧ ሳይሰናከል ስለዋለ ሽቦውን አወጡት። ነርሷ አንገቷን በፋሻ ይዛ ጥቂት ተጫነችው። አለቀ። አሥራ ሁለት ቀን ያወከን ነገር ሲወጣ አንድ ክንድ የማይሞላ ቀጭን ሽቦ ነበር።

በዚያኑ ቀን ከሰዓት ወንድሜ ሻንጣውን ይዞ፣ ለሁለት ሰው የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ በሩ ላይ ቆመ።

«እንሄዳለን» አለ። «አዲስ አበባ እንደገና ትታያለሽ።»

«ምኔን?» አለች እናቴ። «ሲያስፈልገኝ ያልመጣህ፣ አሁን ሽቦው ከወጣ በኋላ?»

ጉንጩ ቀላ። ፓስፖርቱ ላይ ችግር እንደነበረበት፣ በየቀኑ ሲሯሯጥ እንደከረመ እኔ አውቃለሁ። ልከላከልለት ይገባኝ ነበር። ዝም አልኩ፤ አሥራ ሁለት ቀን በስልክ የጮኸብኝ ጆሮዬ ላይ ስለነበረ። ይህን ዝምታዬን ብዙ ቆይቶ አንስቶብኛል፤ አልካድኩትም። አራት ቀን ከእኛ ጋር ሰንብቶ፣ የሚያፈሰውን የጓሮ ቆርቆሮ ቀይሮ፣ ብቻውን ተመለሰ።

ዶክተሩ ስንወጣ ትእዛዙን በወረቀት ጻፈልኝ፤ በየቀኑ የሚዋጡ ኪኒኖች፣ ጨው መቀነስ፣ ለስድስት ሳምንት ሸክም የለም፣ በወሩ ተመለሱ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት «በነገራችን ላይ፣ ‹አንተ› ሊሉኝ ይችላሉ» አለኝ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ላይ «እርስዎ» ነው ያልኩት፤ አፍሬ።

ስድስት ሳምንቱ ሦስት ሆነ። አንድ ቀን ከቢሮ ወጥቼ ወደ ገበያ ጎራ ስል፣ እናቴ መደቧ ላይ፣ በርበሬዋ መሃል ቁጭ ብላለች። አጠገቧ ግማሽ ኩንታል ሽሮ ተጎልቷል፤ ማን እንዳወረደው ብጠይቃት «ወርዶ አገኘሁት» አለችኝ። ልጮህ ስል አንድ የከባድ መኪና ሾፌር፣ የቆየ ደንበኛዋ፣ ደርሶ «እትዬ! የት ጠፍተው ነው?» አላት።

«አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ወንድ ልጄን ዳርኩ» አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ። ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ የአንገቷን ጠባሳ ሸፍናለች።

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞሮ «እንኳን ደስ ያላችሁ!» አለኝ። አመሰገንኩት። ምን አደርጋለሁ?

ሲሄድ «እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«ልቧ የቆመ ሴት በርበሬዋን ማን ይገዛታል? ነገ ትሞታለች ብለው ወደ ሌላ ይሄዳሉ።»

ወሬው ገበያውን አዳረሰ። ባለ መደቦቹ ድግሱ ስንት በግ እንደታረደበት ጠየቁኝ። የሙሽራዋን አገር ጠየቁኝ፤ ጎንደር አልኩ፤ እናቴ ደግሞ ለሌሎቹ ሐረር ብላ ኖሯል። ኪኒኑን አልውጥም ስትል፣ በጾም ውሃ አልጠጣም ስትል፣ ከረጢት ስታነሳ ስይዛት፣ እልህ እየተያያዝን ዓመታት አለፉ። ልቧ ዳግመኛ አልዘለለም። በየቀጠሮው የሚወጣውን ወረቀት ዶክተሩ አይቶ ራሱን ነቅንቆ «ይገርማል» ይላል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን እንዴት አንድም ምክር ሳትሰማ እንደኖረች ነው።

ወንድሜ የምር ያገባው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እናቴ ሄዳ ድራው፣ በሽታም ሳይነካት ተመለሰች። ያን ጊዜ ግን ገበያው ውስጥ የት ከረምሽ ሲሏት፣ ድሮ በውሸት የዳረችውን ያንኑ ልጅ ዳርኩ ከማለት በቀር መልስ አጣች። አንዷ ባለ መደብ እኔን ጥግ አስይዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያችን የመጀመሪያዋን ምን አድርጋው ፈታት?» አለችኝ።